አየር ስንት ኪሎ ነው?

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ዘመዴ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ክብ የናስ ባሮሜትር፣ ማለትም የአየር ግፊት መለኪያ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከውጭ አገር የመጣ ስጦታ ነው። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ሰዓት ይመስለውና ቀና ብሎ ያየዋል። ዙሪያውን በእንግሊዝኛ «ማዕበል»፣ «ዝናብ»፣ «ተለዋዋጭ»፣ «ጥሩ»፣ «በጣም ደረቅ» የሚሉ ቃላት ተጽፈውበታል። መርፌው ግን ከአንዳቸውም ላይ የለም። ከ«ማዕበል» ወዲያ አልፎ፣ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ቦታ ላይ ቆሟል። በጋም ይሁን ክረምት እዚያው ነው። የቤቱ ሰዎች ተበላሽቷል ብለው ትተውታል። ለጌጥ ግን ያምራል።

ባሮሜትሩ ጤነኛ ነው። የተሠራው ባሕር ዳርቻ አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ከፍ ብሎ ለሚኖር የማርቆስ ሰው አይደለም። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት በአማካይ 1013 ሄክቶፓስካል ነው፤ ሄክቶፓስካል ግፊት የሚቆጠርበት አሃድ ነው። ማርቆስ ላይ 755 ገደማ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ይህን ልጨምር፦ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 ቲፕ የሚባለው አውሎ ነፋስ መሃል የተለካው 870 ሄክቶፓስካል ነበር። በባሕር ጠለል ላይ በአውሎ ነፋስ ውስጥ ከተለኩት ሁሉ ዝቅተኛው እሱ ነው። እንግዲህ የእኛ ሰው ጋቢውን ደርቦ ቡና የሚጠጣበት ሳሎን፣ በዚያ መሣሪያ ዓይን ሲታይ፣ ከዓለም ክፉው ማዕበል የባሰ ቦታ ነው። ሚስኪኑ መርፌ ምን ያድርግ?

ነገሩን ለማስረዳት የመሣሪያው ስም ራሱ ሳይሻል አይቀርም። «ባሮሜትር» ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሰፋ ነው። «ባሮስ» ክብደት ነው። «ሜትሮን» መለኪያ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ በጽሑፍ ያስለመደው ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል ነው። ከዚሁ ከ«ባሮስ» ብዙ ዘመዶች ወጥተዋል። የግፊት መለኪያው «ባር» አለ። በካርታ ላይ እኩል ግፊት ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዘው መስመር «ኢሶባር» ይባላል፤ እኩል ክብደት እንደማለት ነው። ወፍራም የወንድ ድምፅ «ባሪቶን» የተባለው ድምፁ ስለሚከብድ ነው። «ባሪየም» የሚባለውም ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው ማዕድኑ እጅ ላይ ስለሚከብድ ነው። ጎሚስታ ቤት ጎማ ስታስሞሉ የመለኪያውን ፊት ልብ ብላችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ሁለት ረድፍ ቁጥር አለው፤ ከሁለቱ በአንዱ ሥር «ባር» ተብሎ ተጽፏል። የግሪክ ቃል ጎማ ቤት ገብቶ፣ ዘይት ተቀብቶ ተቀምጧል።

እኛ ደግሞ «የአየር ግፊት» እንላለን። ጎጃም ውስጥ ለሽማግሌ ሰው «ግፊት» ብትሉ የሚገባቸው ሌላ ነው። «እኔንስ ግፊት አለብህ ብለው ጨው ከልክለውኛል» ይሏችኋል። ደም ግፊት ማለታቸው ነው። ያም ሆኖ ቃሉ ጥሩ ቃል ነው። አየር በእርግጥ ይገፋል። ቃሉ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ግፊት ሲባል ገፊ ይፈለጋል፤ ከየት መጥቶ ነው የሚገፋው? የድሮው የግሪክ ቃል ይህን ይመልሳል። የሚገፋው ስለሚከብድ ነው። ከራሳችን በላይ የተከመረው አየር ሁሉ ክብደት አለው፤ እኛ ከሥር ነን።

የጎጃም ሰው ቃል መፈልቀቅ ልማዱ ነው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤት ሆነው ስም ያወጡት እዚሁ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስም እዚሁ ነው። የቆሎ ተማሪ አንድን ግስ ይዞ ሲያላምጥ ይውላል። «ባሮስ»ን ለአንድ ቅኔ ዐዋቂ ብትሰጡት ወዲያው «ከብደ» ይልና ቀጥሎ ምን እንደሚያወርድበት እግዜር ያውቃል። «አየር» ራሱ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የገባ ቃል ነው። ስለዚህ ግሪክና ግዕዝ ድሮም ጎረቤት ነበሩ።

አየር ይከብዳል የሚለውን ለማመን ግን አውሮፓ ራሱ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ነገሩ የተጀመረው በውሃ መሳቢያ ፓምፕ ነው፤ እኔም የገባኝ በውሃ ፓምፕ ነው።

ማቻክል አካባቢ፣ በበጋ፣ አንድ ወንዝ ዳር ድንች የሚያጠጡ ልጆች አየሁ። ወንዙ ገደል ውስጥ ነው። ሞተሩን ከላይ፣ ከማሳው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው መሳቢያውን ቱቦ ወደ ታች ለቀዋል። ሞተሩ ይጮኻል። ውሃ የለም። አንዱ ልጅ የሞተሩን ሆድ ከፍቶ በጆግ ውሃ ሞላበትና ዘጋው። እንደገና ጎተተው። ተነሣ፣ ጮኸ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ጥቂት ተፋና አቆመ። ማሰሪያውን በላስቲክ ጠቀለሉት፣ «አየር እየሳበ ነው» ብለው። ማሰሪያው ደህና ነበር። በመጨረሻ አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ መጡና ሳቅ ብለው «ምነው፣ አውርዱታ!» አሉ። ገደሉ ወገብ ላይ በዶማ እንደ መደብ ያለ ቦታ ቆፈሩ። ሞተሩን ለሁለት ተሸክመው አወረዱት። ከዚያ ወዲህ ውሃው እየተንፎለፎለ ድንቹ ድረስ ወጣ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ወደ ላይ መስደዱን አይፈራም፤ መሳቡ ነው የሚያደክመው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አጭር መልስ አላውቅም። ሞተር ውሃን አይስብም። የሚሠራው ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣው ወንዙ ላይ የተጫነው የውጭ አየር ነው። እሱ ወንዙን ሲጫን ውሃው በባዶው ቱቦ ሽቅብ ይሸሻል። የሚወጣው ግን አየሩ እስከቻለው ድረስ ብቻ ነው። በባሕር ጠለል 10 ሜትር ከፍ ቢል ነው። ማርቆስ አካባቢ አየሩ ስለሚቀል 7 ሜትር ተኩል ግድም ሲደርስ ያበቃል። የቱቦው ፍጭትና ጥቃቅኑ ቀዳዳ ሲቆጠር ደግሞ ከዚያም በታች ነው። የፈለገ ጉልበተኛ ሞተር ብትገዙ ይህን አያልፍም። ውሃው አንዴ ሞተሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ወደ ላይ የሚገፋው የሞተሩ ጉልበት ነው፤ ያኔ ተራራም ይወጣል።

የጣልያን የውሃ ባለሙያዎችም በ17ኛው መቶ ዘመን የገጠማቸው ይኸው ነው። ፓምፓቸው ውሃን ከ10 ሜትር በላይ አልስብ አላቸው። ታዋቂው የጣልያን ሊቅ ጋሊሌዮም ነገሩን ሰምቷል። መልሱን ያገኘው ግን በመጨረሻ ዘመኑ አጠገቡ የነበረው ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ ነው። ቶሪቼሊ በውሃ ፈንታ ከውሃ 13 ጊዜ ተኩል የሚከብደውን ፈሳሽ ብረት፣ ሜርኩሪን፣ መረጠ። አንድ ጫፉ የተደፈነ የመስተዋት ቱቦ ሞላ፤ በጣቱ ደፍኖ ገለበጠና ሜርኩሪ ባለበት ሳህን ውስጥ አቆመው። ሜርኩሪው ወረደና 76 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀጥ አለ። በላዩ ባዶ ቦታ ተወ። ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ የምንኖረው በአየር ባሕር ወለል ላይ ነው ብሎ ነገሩን ጠቀለለው። የመጀመሪያው ባሮሜትር ይኸው ነው፤ ስም እንኳ ገና አልወጣለትም።

ባሕር ከሆነ ደግሞ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር መቅለል አለበት። ይህን ያሰበው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ነው። ፓስካል ራሱ በሽተኛ ስለነበረ የእህቱን ባል ፍሎረን ፔሪየን ተራራ ላከው። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1648 ፔሪየ ፈረንሳይ ውስጥ ፑይ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ቱቦና ሜርኩሪ ይዞ ወጣ። በጣም የምወደው ዝርዝር ይኼ ነው፦ ከተራራው ሥር፣ አንድ ገዳም ውስጥ፣ ሌላ ቱቦ አቁሞ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው እንዲያዩት አደረገ። የታችኛው ቱቦ ንቅንቅ አላለም። የላይኛው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ወረደ። ሰው ስለ ተራራ ወጪው ይጽፋል፤ ያለ መነኩሴው ግን ነገሩ ሁሉ ወሬ ነበር።

ፔሪየ ጎጃም ቢወለድ ኖሮ ተራራ መውጣትም ባላስፈለገው። አባይ በረሃ ነበረለት። ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት 1400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከፑይ ደ ዶም አቀበት ይበልጣል። ሜርኩሪው ድልድዩ ላይ 67 ሳንቲ ሜትር ግድም ቢሆን ደጀን ሲደርስ 57 ላይ ይቆም ነበር። አሥር ሳንቲ ሜትር! መነኩሴም ቢሆን አይጠፋም።

ሜርኩሪ የሌለው ሰው ሃይላንድ ይበቃዋል። ደጀን ላይ ውሃውን ጠጥታችሁ ባዶውን ሃይላንድ ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑት። ተሽከርካሪው እየተጠማዘዘ ሲወርድ ዝም ብላችሁ ያዙት። አጋማሽ ሳይደርስ ጎኑ ይሰረጉዳል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ማንም ሳይጨብጠው ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ውስጡ የታሸገው የደጀን አየር ነው፤ ውጪው የበረሃው ነው፤ የበረሃው ይከብዳል። ውስጡ ያለው አየር ከስድስት አንድ እጁን ያህል ይጨመቃል። ከጎሃ ጽዮን በኩል የምትወርዱም ያው ነው። ጆሯችን ድፍን የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ የቀረው የደጋ አየር ከቆላው ጋር ሲጋፋ ነው። ምራቅ ዋጥ ስታደርጉ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ይከፈትና ይታረቃሉ። ማስቲካም ይሠራል። ሕፃን የያዘች እናት ግን ጡት ብታጎርሰው ነው የሚሻለው፤ ሲጠባ ይውጣል።

አየሩ ስንት እንደሚከብድ በእኛው ሚዛን አስቤው ነበር። ማርቆስ ላይ በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ከኪሎ ሦስት ሩብ የሚሆን አየር ተጭኗል። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጀራ ምጣድ ይውሰዱ። በላዩ ላይ የቆመው አየር ከ21 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ሃያ አንድ ኩንታል፣ ሸክላ ላይ! ታዲያ ምጣዱ ለምን አይደቅም? «ክብደት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ብቻውን አይበቃም፤ «ግፊት» ያስፈልገናል። ጤፍ ምጣድ ላይ ቢጫን የሚጫነው ወደ ታች ብቻ ነው። አየር ግን በያቅጣጫው ይገፋል፤ ከሥርም በዚያው ልክ ወደ ላይ ይገፋል። ምጣዱ መሃል ሆኖ በሁለት እኩል ኃይል ተይዟል። ስለዚህ የግሪኩ ቃል ምንጩን ይነግረናል፤ የእኛው ቃል ሥራውን። ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ።

ይህ ነገር ድስት ውስጥም ይገባል። ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ የውጩን አየር ክብደት ሲችለው ነው። አየሩ ከቀለለ ቶሎ ይችለዋል፤ ሳይግል ይፈላል። ማርቆስ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ ባሕር ዳር ከተማ ላይ በ94፤ አባይ ድልድይ ጋ በ96 ተኩል ግድም። ጮቄ ተራራ አናት አካባቢ፣ ከ4000 ሜትር በላይ፣ 87 እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። እሳት ብታነዱበት ብታነዱበት ከዚያ አይግልም፤ እንፋሎት ብቻ ይሆናል። የደጋ ባቄላ ንፍሮ አልበስል ብሎ የሚያስመርረው አንድም በዚህ ነው። የባቄላው ዘርና ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው እንጂ፣ ሁሉን በአየር አላሳብብም። ክዳኑ የሚቆለፈው፣ የሚያፏጨው ድስት የመጣው ለዚህ ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ውስጡ ሌላ አየር ይጭንበታል፤ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ድስቱ ባቄላውን ደጋ ላይ ሆኖ ከቆላም በታች ያወርደዋል። በደጋ የምትኖር እናት ያላችሁ ልጆች፣ ለበዓል ስጦታ ምን እንግዛ ብላችሁ አትጨነቁ።

አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ሰኔ ሲመጣ፣ ዳመና ሲያንዣብብ «አየሩ ከብዷል» እንላለን። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ወበቁ ይጫነናል፤ እውነት ነው። ባሮሜትር ግን ተቃራኒውን ነው የሚለው። እርጥበት ያለው አየር ከደረቁ ይቀላል። የውሃ እንፋሎት ቅንጣት ከናይትሮጅንም ከኦክስጅንም ቅንጣት ያነሰ ክብደት ስላላት፣ እሷ ገብታ ቦታ ስትይዝ አየሩ ይሳሳል። የሚከብደው ሰውነታችን ነው። ላቡ አልደርቅ ስለሚል ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አባይ በረሃ ላይ ግን «አየሩ ከበደኝ» ያለ ሰው በቁሙም ልክ ነው። ምንም እንኳ ያደከመው ሙቀቱ ቢሆንም፣ ደጀን ላይ ያልነበረ 1400 ሜትር አየር በተጨማሪ ተሸክሟል።

ሌላም አለ። አውሮፓ ውስጥ ባሮሜትር ሲወርድ ዝናብ ይጠበቃል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቃላቱን የጻፉበት ለዚያ አገር ሰማይ ነው። ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ግን ግፊቱ ከቀን ቀን ብዙም አይለዋወጥም። የጎጃም ክረምት የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከደቡብና ከምዕራብ ሲገባ ነው፤ የአንድ ባሮሜትር መርፌ ያንን አስቀድሞ አይነግርም። መርፌው በትክክል ተስተካክሎ ቢሆን እንኳ ገበሬ ከሱ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነበር። የትንበያ ካርታውም ለእኛ አገር ትንሽ አስቂኝ ነው። ባለሙያዎች ከሚያዩዋቸው ካርታዎች አንዱ የ850 ሄክቶፓስካል ነው። ያ ግፊት የሚገኘው 1500 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ጎጃም ውስጥ ሰማይ የለም፤ የደጋው ሆድ ውስጥ ነው። አየር ሆኖ የሚገኘው አባይ ሸለቆን በመሰሉ ጥልቅ ቦታዎች ብቻ ነው።

ታዲያ እዚህ አገር ባሮሜትር ምንም አይታይበትም ማለት ነው? ይታይበታል፤ ሌላ ነገር። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች ውስጣቸው ትንሽ ባሮሜትር አላቸው፤ ነፃ የሆኑ አፕሊኬሽኖች ቁጥሩን ያሳያሉ። ስልኩን አንድ ቦታ አስቀምጣችሁ ቀኑን ሙሉ ተከታተሉት። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ማታ 4 ሰዓት እንደገና ይወጣል፤ ሌሊት 10 ሰዓት ደግሞ ይወርዳል። ልዩነቱ ጥቂት ሄክቶፓስካል ነው፤ ግን በየቀኑ አለ። ፀሐይ የላይኛውን አየር በየቀኑ ስለምታሞቀው፣ የምድር አየር በሙሉ እንደ ባሕር ማዕበል ሁለት ጊዜ ከፍ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ወደ ዋልታ አገሮች ሲሄዱ ይህ ነገር እየደከመ በዕለቱ የአየር ለውጥ ይዋጣል። እኛ ዘንድ ግን ጎልቶ ይታያል። የማርቆስ ሰው ስልኩን ከፍቶ 756 ካየ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 753 ካገኘ፣ ዝናብ ይመጣል ብሎ ጥሬውን አያስገባ። አሥር ሰዓት ሆኖ ነው።